መኪና የማይገባበት፣ የጥንት ፍርስራሽ ያለበት የሳይክል መንገድ የምታውቁ?

ፍርስራሽ ወዳድ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ፣ ባለቤቴና የ12 ዓመት ልጃችን ለስድስት ቀን በሳይክል ልንወጣ ነው። ዕቃችንን እዚያው ሳይክሉ ላይ ጭነን፣ በቀን ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም ሳናልፍ። አውሮፓ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። መኪና የሌለበት፣ ገጠር ገጠሩን የሚሄድ፣ በየመሀሉ የጥንት ነገር የሚታይበት መንገድ ጠቁሙኝ። አምና ስልኬ «የሳይክል መንገድ» ብሎ ያሳየኝን አምኜ ወጣሁ። ለካ ከባድ መኪና የሚመላለስበት ነው። አንድ ተሳቢ ባለፈ ቁጥር ልጄ መሪውን ጭምቅ አድርጎ ይዞ ዓይኑን ሲጨፍን አየሁት። ያ እንዲደገም አልፈልግም።

ካርታ አንባቢ፦ እህቴ፣ ፍለጋሽን ቀይሪው። «ጭር ያለ መንገድ» ሳይሆን «የተዘጋ የባቡር መስመር» ብለሽ ፈልጊ። ባቡር ዳገት አይወድም። ስለዚህ ሐዲዱ ተነስቶ የሚቀረው መንገድ ለልጅም ይመቻል፤ መኪና ደግሞ ድሮም አያውቀው።

ለእናንተ የምመርጠው ፓሬንዛናን ነው። ከጣሊያኗ ትሪየስት ተነስቶ፣ ስሎቬኒያን አቋርጦ፣ ክሮኤሺያ ውስጥ ፖሬች ይደርሳል። 123 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለስድስት ቀን ይተርፋችኋል። እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1935 ትንሽ ባቡር ይመላለስበት ነበር። የሐዲዱ ስፋት 76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለነበር ኮረብታውን እየተጠማዘዘ ነው የሚያልፈው። ስሎቬኒያ ውስጥ አብዛኛው አስፋልት ነው፣ ክሮኤሺያ ስትገቡ ጠጠር ይሆናል። አልፎ አልፎ ከመኪና ጋር የምትጋሩት አጭር ቁራጭ አለ፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው ብዬ አልሸውድሽም።

የጥንቱ ነገር መጨረሻ ላይ ይጠብቃችኋል። ፖሬች የሮማውያን ከተማ ነበረች። ዋናዋ መንገድ ዛሬም «ዴኩማኑስ» ነው የምትባለው፣ ሮማውያን ባወጡላት ስም። 6ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተሠራው የኤውፍራሲየስ ባዚሊካ የሚባለው ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ነው። ወርቃማውን ሞዛይክ ሳታዩ እንዳትመለሱ።

ቸኩሎ ሯጭ፦ ምን ያህል ዙሪያ ጥምጥም ነው! ጥንታዊ መንገድ ከፈለጋችሁ ለምን ራሱን የሮማውያንን መንገድ አትነዱም? ቪያ አፒያ ከክርስቶስ ልደት በፊት 312 ላይ የተጀመረ ነው። ከሮም ዳር ጀምሮ መቃብሩና ፍርስራሹ ግራና ቀኝ ተደርድሯል።

ጎማው፦ ወንድሜ፣ ዕቃ ጭነህ ሞክረኸዋል? እኔ ሞክሬዋለሁ። ድንጋዩ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ በየመሀሉ ክፍተት አለ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሄድ የሻንጣዬ ማንጠልጠያ ተሰበረ፣ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ዋለ። ለግማሽ ቀን ያለ ዕቃ ደስ ይላል። ለስድስት ቀን ከልጅ ጋር ግን አይሆንም። ደሞ ከጥንታዊው ክፍል ስትወጣ የሚቀጥለው ዘመናዊ አውራ ጎዳና ነው። የጥንት ሰው መንገድ ያወጣበት ምቹ ቦታ ላይ የዛሬም ሰው አስፋልት ያነጥፍበታል።

ፍርስራሽ ወዳድ፦ ሮማውያን የሠሩት የሃድሪያን ግንብስ? እንግሊዝ ውስጥ በስሙ የሳይክል መንገድ እንዳለ አንብቤያለሁ።

ካርታ አንባቢ፦ አለ፣ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ስሙ እንዳያታልልሽ። ብዙው ክፍሉ መኪና በሚያልፍባቸው ጠባብ የገጠር መንገዶች ላይ ነው። በፎቶ የምታይው፣ ግንቡን ታኮ የሚሄደው ቀጭን መንገድ ደግሞ ለእግረኛ ብቻ ነው፣ ሳይክል አይፈቀድም። ልጁ ጎረምሳ ሲሆን ሂዱበት።

ጋሽ ፔዳል፦ ልጄ፣ እኔ 67 ዓመቴ ነው፤ ዳገት ጠላቴ ነው። ስለዚህ የቦይ ዳር እመርጣለሁ። ካናል ዱ ሚዲ የሚባለው ደቡብ ፈረንሳይ ነው፣ ከቱሉዝ ተነስቶ 240 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከ1666 እስከ 1681 በሰው ጉልበት የተቆፈረ ነው። ድሮ ፈረሶች ጀልባ እየጎተቱ የሚሄዱበት ዳር ዳሩ ነው አሁን የሳይክል መንገድ የሆነው።

ቱሉዝ አካባቢ ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው። ከዚያ በኋላ አፈርና የዛፍ ሥር ይመጣል፣ ዝናብ ከጣለ ጭቃ ነው። የምወደው ግን ቤዚዬ ከመድረሱ በፊት ያለውን ማልፓስን ነው። እዚያ ቦዩ በኮረብታ ሥር ያልፋል። ከሱ በታች የባቡር ዋሻ አለ። ከዚያም በታች በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሐይቅ ለማድረቅ የተቆፈረ የውኃ መውረጃ አለ። አንድ ኮረብታ፣ ሦስት ቀዳዳ! ሳይክላችሁን ቆልፋችሁ ኮረብታው ላይ ውጡ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 6ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተመሠረተው አንሴሩን የሚባለው የጥንት ሰፈር ፍርስራሽ እዚያ ነው። ቁልቁል ስታዩ የደረቀው ሐይቅ ማሳ ሆኖ እንደ ሳይክል ጎማ ሽቦ ከመሀል ወደ ዳር ተሰንጥቋል። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ አየሁት።

ጎማው፦ ጋሼ የነገሩሽ ላይ አንድ ልጨምር። ፍርስራሽ ብዙ ጊዜ ኮረብታ ላይ ነው፣ ሐዲድና ቦይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ታች። ስለዚህ መንገዱ ሜዳ ቢሆንም በቀን አንድ ዳገት ሒሳብ ውስጥ አስገቡ። መኪናም የሚያጋጥማችሁ እዚያው ላይ ነው፣ ወደ ፍርስራሹ በምትወጡባት አጭር መንገድ። ፓሬንዛና ላይ ሞቶቩን እንደዚያ ነው፣ ከተማው ከላይ ቁጢጥ ብሏል። በእግር መውጣት ይቀላል። አንዳችሁ ሳይክሉን ጠብቁ፣ በየተራ ውጡ።

ጎማ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን። በቀጭን ጎማ ጠጠር ላይ መሄድ መንሸራተት ነው።

ፍርስራሽ ወዳድ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ፓሬንዛናን መርጠናል፣ ቦዩን ለሚቀጥለው። ከየት ወደ የት እንሂድ?

ካርታ አንባቢ፦ ከትሪየስት ጀምሩ። መጀመሪያ አስፋልቱ ላይ ልጁ ከጭነቱ ጋር ይለማመዳል፣ ጠጠሩ ኋላ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ሞዛይክም ባሕርም አለ። እና መብራት! ክሮኤሺያ ውስጥ ግሮዥኛን የምትባል ከተማ አጠገብ ዋሻ አለ፣ መሀሉ ላይ ጨለማ ነው። የፀሐይ መነጽራችሁንም ከመግባታችሁ በፊት አውልቁ። እኔ ረስቼው ግድግዳውን በትከሻዬ አውቄዋለሁ።

ፍርስራሽ ወዳድ፦ ልጄ አጠገቤ ሆኖ እያነበበ ነው። ስለ ባዚሊካው ምንም አላለም፣ «ዋሻው ስንተኛው ቀን ላይ ነው?» እያለኝ ነው።

ካርታ አንባቢ፦ ሦስተኛው ላይ በሉት።