ተከራይ ስመርጥ ምን ልጠይቅ?

ቱሉ ዲምቱ ግቢያችን ውስጥ አንድ ሰርቪስ ክፍል እናከራያለን። ሰው የምመርጠው እኔ ነኝ። ችግሩ፣ ደላላው ሰው ይዞ ሲመጣ ገና ሰላም ሳንባባል ፍርዴ አልቋል። ድሬድ ያለው ወጣት ከሆነ "ቃሚ ነው"፤ ብቻዋን የምትኖር ሴት ከሆነች "እንግዳ ታበዛለች"። ነጠላ የለበሱ እናት ከመጡ ግን ሥራቸውን እንኳ አልጠይቅም። (ባለፈው ኪራይ ሳይከፍል ውልቅ ያለው ሸሚዙን የተኮሰ ትሁት ሰውዬ ነበር!)

በስልክ ላናግር አልኩ። መልክ ሲቀር የአነጋገር ዘዬ ተተካ፤ "አገርህ የት ነው?" ማለት ጀመርኩ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ እነ አንቶኒ ግሪንዋልድ በ1998 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁትን የስውር አድልዎ ፈተናም ኢንተርኔት ላይ ሠራሁ። ቃልና ምስል ለማዛመድ የሚፈጅብንን ጊዜ ለክቶ ሳናውቀው ያለብንን ዝንባሌ ይገምታል። ዝንባሌ እንዳለብኝ ነገረኝ፤ በር ላይ ለቆመው ሰው ምን ልበል የሚለውን ግን አይመልስም።

አሁን ለሁሉም እኩል የማቀርበው ጥያቄ እየጻፍኩ ነው። መታወቂያ፣ ሥራ፣ የነዋሪ ብዛት፣ ቅድመ ክፍያ (ሕጉ ከ2 ወር በላይ አይፈቅድም) ብዬ ቆምኩ። ጥንቃቄውንም መተው አልችልም፤ እናቴ ቀኑን ብቻዋን ነው የምትውለው።

ቤት የምታከራዩ፣ ሰውን በመልኩና በዘዬው ሳትመዝኑ ጥሩ ተከራይ ለመለየት የምትጠይቁት ምንድን ነው?