ገመድ አልባው አላርም ያለ ምክንያት ይጮሃል፤ ልሽጠው ወይስ ይስተካከላል?

የሹፌሩ ባለቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ለገጣፎ ነው፤ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ግማሹ ቦታ ገና ባዶ በሆነበት ሰፈር። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ሌሊት ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ ልጆቼና እናቴ ነን። ከጎረቤት ግቢ የውኃ ፓምፕ ከተሰረቀ በኋላ ባለቤቴ ከመርካቶ ገመድ አልባ አላርም ገዝቶ መጣ። ሲም ካርድ የሚገባበት አንድ ሳጥን፣ ሦስት የእንቅስቃሴ ሴንሰሮች፣ የበር ማግኔት፣ ሁለት ሪሞትና ሳይረን አለው። ራሱ ሰቃቅሎት በማግስቱ ወደ ሥራው ሄደ።

ሳሎን ያለው ሴንሰር ከሰዓት በኋላ ቤቱ ባዶ ሆኖ ሳለ ያስጮሃል። የበረንዳው ደግሞ ሌሊት ነው የሚነሳበት፤ ጥበቃችን «ጅብ ነው» ይላሉ። ሰርቪስ ቤት ያለው ሦስተኛው በተቃራኒው ፊቱ ብንጨፍርም ሳይረኑን አያስነሳም። ባለፈው እናቴ ለኪዳን ስትነሳ ድንገት ጮኾባት ምርኩዟን ጥላ ግድግዳ ተደግፋ ቀረች። ከዚያ ወዲህ «ወይ እሱ ወይ እኔ» ብላለች። ጎረቤቶቻችንም ቢጮህ ብቅ ማለቱን ትተዋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባለ ውሾቹ፦
እህቴ፣ ሁለት ውሻ አሳድጊ። ባትሪ አይፈልጉ፣ ሲም ካርድ አይፈልጉ፣ እናትሽንም በጠረናቸው ያውቋቸዋል።

ጠጋኙ፦
ውሻ ደግ ነው፤ ሥጋ የሚወረውርለት እስኪመጣ ድረስ።

እህቴ፣ አትሽጪው። ዕቃው የተበላሸ አይመስለኝም፤ ጣጣው የተሰቀለበት ቦታ ነው። በባለቤትሽም አልፈርድም። ከእነዚህ ዕቃዎች ጋር የሚመጣው ወረቀት ፊደሉ በአጉሊ መነጽር የሚነበብ፣ ሥዕሉም የእኛን ቤት የማይመስል ነው።

ይህ ሴንሰር ሰው መሆንሽን አያውቅም። የሚያውቀው ሙቀት ከቦታ ወደ ቦታ ሲንቀሳቀስ ነው። ከነጩ የፕላስቲክ ፊቱ ጀርባ ሙቀት የሚቀበሉ ሁለት ቁራጮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱ እኩል ሲሞቁ የአንዱ ምልክት የሌላውን ስለሚያጠፋው ዝም ይላል። አንደኛው ቀድሞ ሲሞቅ ግን አንድ ነገር ማለፉን ለሳጥኑ ይናገራል። ከፊቱ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጥን ሰው ወዲያው የሚይዘውና ፊት ለፊት ወደ እሱ የሚመጣውን ዘግይቶ የሚይዘው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ሴንሰሩን ከበሩ ትይዩ ይሰቅለዋል፤ እኔ አልወደውም። በጎን በኩል ጥግ ላይ፣ ከወለሉ ሁለት ሜትር ወይም ጥቂት ከፍ አድርገሽ ብትሰቅይው የገባው ሁሉ ያቋርጠዋል።

የሳሎንሽ መስኮት ወደ ምዕራብ የዞረ፣ ሴንሰሩም መስኮቱን የሚያይ ይመስለኛል። መስታወት የሰውነትን ሙቀት ስለማያሳልፍ ከውጭ የሚያልፈው ሰው አይደለም የሚያስጮኸው። ፀሐዩ ግን በመስታወቱ ገብቶ መጋረጃውንና ወለሉን ያግላል፤ ደመና መጥቶ ይሸፍነዋል፣ ተመልሶ ይገለጣል። የጋለ መጋረጃ ነፋስ ሲያወዛውዘው ለሴንሰሩ ሰው ነው። አንሺውና መስኮቱ ባለበት ግድግዳ ጥግ ላይ፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ወደ ውስጥ እንዲያይ አድርጊው።

የበረንዳው ነገር አጭር ነው፤ ጥበቃችሁ እውነታቸውን ነው። ጅብም ትኩስ ሰውነት አለው፣ የጎረቤት ድመትም እንዲሁ። የቤት ውስጥ ሴንሰር ደጅ አይሰቀልም። ለደጅ የሚሠራው ለብቻው ይሸጣል፤ ዝናብ የሚችል፣ አብዛኛውን ጊዜም ሁለት የተለያዩ ዓይኖች አንድ ላይ ካላዩ የማይናገር ነው። ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ስለ ሰርቪስ ቤቱ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ስታልፊ በሴንሰሩ ላይ ያለችው ትንሿ መብራት ትበራለች? ሳጥኑስ የት ነው የተቀመጠው?

የሹፌሩ ባለቤት፦
ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መስኮቱ በእርግጥ ወደ ምዕራብ ነው፤ ቤቴን ያዩት ይመስላል! ሳጥኑ ልጆች እንዳይነኩት ማቀዝቀዣው ላይ ነው ያለው። ሰርቪስ ቤቱ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፤ እንጀራ የምንጋግረውም እዚያው ነው። መብራቷን እንዳሉኝ አየኋት። መጀመሪያ ስገባ በራች፤ ወጥቼ ወዲያው ብመለስ ግን አልበራችም። በሁለቱም ጊዜ ሳይረኑ ዝም ነው።

ጠጋኙ፦
ጥሩ አድርገሽ ነው ያየሽው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛው ጊዜ አለመብራቷ ብልሽት አይደለም። ሴንሰሩ ባትሪ ለመቆጠብ አንዴ ከተናገረ በኋላ ለደቂቃዎች ይተኛል። ክዳኑን ስትከፍቺ ብዙዎቹ ላይ ትንሽ መሸጋገሪያ ታገኛለሽ፤ ለሙከራ ወደ አምስት ሰከንዱ አዛውረሽ፣ ስትጨርሺ መልሺው። ካልመለስሽው ባትሪውን በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። ሴንሰሬ ሞተ ብለው ወደ እኔ ከሚያመጡት ሰዎች ስንቱ የተኛ ሴንሰር ይዞ እንደሚመጣ ብነግርሽ ትስቂያለሽ።

መጀመሪያ ስትገቢ መብራቷ በርታ ሳይረኑ ዝም ማለቱ ግን ሌላ ነው። ሴንሰሩ አይቶሻል፤ መልእክቱ ነው ሳጥኑ ጋ ያልደረሰው። እነዚህ ዕቃዎች አብዛኞቹ በ433 ሜጋኸርዝ ሬዲዮ ነው የሚነጋገሩት። ይህ ሬዲዮ ብሎኬት እየደከመ ያልፋል፤ ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል። አንቺ ጋ ሴንሰሩ ከቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይጣራል፣ የሚሰማው ሳጥን ደግሞ በብረት ማቀዝቀዣ ላይ ተቀምጧል። ካርቶኑ ላይ መቶ ሜትር የሚል ቢሆንም የተለካው ሜዳ ላይ ነው። ሳጥኑን ከማቀዝቀዣው አውርደሽ፣ ከቴሌቪዥኑና ከብረት በርም አርቀሽ፣ ወደ ሰርቪስ ቤቱ በሚያይ መስኮት አጠገብ ከፍ አድርገሽ ስቀይው። ሴንሰሩንም ከብረቱ ግድግዳ ወደ እንጨቱ የበር መቃን አምጪው። ይህ ካልበቃ በራሱ የሚጮህ ትንሽ ሳይረን እዚያው ስቀይና ተገላገይ።

እንጀራ መጋገሩን ባታነሺልኝ ኖሮ ምጣዱ እኔም ትዝ አይለኝም ነበር። ጋግራችሁ ስትጨርሱ ምጣዱ ለረጅም ጊዜ ይግላል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሙቀት አያስጮህም፤ ከላዩ የሚነሳው ትኩስ አየር ግን ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ሴንሰሩ ምጣዱንም ከበላዩ ያለውንም እንዳያይ ፊቱን ወደ በሩ አጋድሚው።

አሁን ወደ እናትሽ። ሳጥኑ ሁለት ዓይነት አዘጋግ፣ ማለትም ለጥበቃ የሚነቃበት ሁለት መንገድ አለው፤ ሁሉንም የሚያነቃው ቤቱን ባዶ ትታችሁ ስትወጡ የምትጠቀሙበት ነው። በሪሞቱ ላይ የቤት ምልክት ያለባት ሁለተኛ ቁልፍ አለች። በእሷ ሲዘጋ የበሩ ማግኔት ብቻ ይጠብቃል፣ የውስጦቹ ዝም ይላሉ። የትኛው ዝም እንደሚል የሚወሰነው ሴንሰሮቹን ሳጥኑ ላይ ስትመዘግቢ በሰጠሻቸው የጥበቃ ምድብ (ዞን) ነው። የበረንዳውን አንስተሽ ኮሪደር ላይ ብትሰቅይው እንኳ ማታ በዚያች ቁልፍ ከተዘጋ እናትሽ እንደ ልባቸው ይመላለሳሉ። ለኪዳን ሲወጡ ግን በሩን ከመክፈታቸው በፊት ማጥፊያዋን ይጫኑ። አንደኛውን ሪሞት ከነጠላቸው ጋር አስቀምጪላቸው፤ በማጥፊያዋ ቁልፍ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጊባት።

ጡረተኛው ከሰንዳፋ፦
ልጄ፣ ወንድማችን ሁሉንም ብሏል፤ እኔ ስለ ጎረቤት ብቻ ልጨምር። በለሊት ሳይረን ሰምቶ ሌባ የሚይዝ ፖሊስ በኛ ሰፈር ቶሎ አይደርስም፤ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። የእኛ እድር ላይ አንስተነው ተስማምተናል። ሳይረን የጮኸበት ቤት ይደወልለታል፤ ስልክ ካልተነሳ በዙሪያው ያሉት ሁሉ የደጃቸውን መብራት ያበራሉ፣ ወንዶቹ ሁለትና ሦስት ሆነው ይወጣሉ። ብቻውን ማንም አይወጣም። አንቺም አላርምሽን ካስተካከልሽ በኋላ ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸውና ይቅርታ በያቸው፤ አሁን የሚጮኸው የእውነት መሆኑን ይወቁ።

ሲም ካርዱንም አትርሺው። ሂሳብ ከሌለው ሳጥኑ ሊደውልልሽ አይችልም፤ ሳይጠቀሙበት ረጅም ጊዜ ከቆየም መስመሩ ይዘጋል። ሳጥኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የፒን ጥያቄውን በስልክሽ አጥፊው። ከፋብሪካው የመጣውን የሳጥኑን የይለፍ ቁጥርም ቀይሪ፤ ብዙዎቹ 1234 ሆነው ነው የሚመጡት፣ ይህን ደግሞ ሌባም ያውቃል።

የሹፌሩ ባለቤት፦
አባባ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። የሳሎኑን አዛውሬዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ መጮሁን ትቷል። ሳጥኑም ከማቀዝቀዣው ወርዷል፤ ሰርቪስ ቤቱ አሁን ይሰማል፣ በሩ ተዘግቶ ሳለ ግን አንዳንዴ ያመልጠዋል። የቀሩኝ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ሁለተኛው ሪሞት ደግሞ ካልተጠጋሁ አይሠራም።

ጠጋኙ፦
ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ባትሪ አለ፤ መብራት ጠፍቶ ለሰዓታት ያቆየዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ግን አትመኝው። መብራት ያለ ቀን ሶኬቱን ነቅለሽ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ እይው። ሳይረኑ የራሱ ባትሪ ከሌለው ከሳጥኑ ነው የሚበላው፤ ሲጮህ ደግሞ ብዙ ይበላል። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ስለሚዘል ማቀዝቀዣሽ የኃይል ማስተካከያ (ስታብላይዘር) ካለው ሳጥኑንም በእሱ በኩል ሰኪው። በዋይፋይ ብቻ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ራውተሩ ሲጠፋ አብሮ ዲዳ ይሆንብሽ ነበር፤ ባለቤትሽ ባለ ሲም መግዛቱ ትክክል ነው።

ሰርቪስ ቤቱ በሩ ሲዘጋ የሚያመልጠው በሩም ቆርቆሮ ስለሆነ ነው። ያልኩሽን ትንሿን ሳይረን ግዢለት።

የሪሞቱ ባትሪ ደክሟል። ጀርባውን ክፈቺው፤ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት የሆነችው አጭሯ 23ኤ ናት፣ ሱቅ ውስጥ ለመኪና ሪሞት ብለሽ ጠይቂ። ስትገዢ ሁለት ያዢ፤ የእናትሽም ሪሞት አብሮ የተገዛ ስለሆነ ብዙ አይቆይም።