የጀርመን ሽንፈት የት ላይ ተቆረጠ? ሞስኮ፣ ስታሊንግራድ ወይስ አትላንቲክ?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን የማሸነፍ ዕድሏ ያከተመው የትኛው ውጊያ ላይ ነው? ተከራካሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ካርታ ገላጭ፣ ስንቅና ትጥቅ እና ባሕረኛው። (ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርታ ገላጭ፦ ስታሊንግራድ ነው። ሶቪየቶች ኖቬምበር 19 ቀን 1942 ከተማዋን ትተው በግራና በቀኝ ያሉትን፣ ከጀርመን ጎን የተሰለፉ የሮማኒያ ጦሮች መቱ። ሮማኒያውያኑ በአብዛኛው የነበራቸው 37 ሚሊ ሜትር ፀረ ታንክ መድፍ ነው፤ የሶቪየቱን ታንክ ቲ-34ን ፊት ለፊት አይበሳም። በአራተኛው ቀን አጥቂዎቹ ከስታሊንግራድ በስተ ምዕራብ ካላች በምትባል ከተማ አካባቢ ተገናኙና የጀርመን 6ኛው ጦር ተከበበ።

ስንቅና ትጥቅ፦ ከበባው ብቻውን አልጨረሳቸውም፤ የጨረሳቸው የጭነት ሒሳብ ነው። የጀርመን አየር ኃይል አዛዥ ጎሪንግ ጦሩን በአየር እንቀልበዋለን ብሎ ለሂትለር ቃል ገባ። ቢያንስ በቀን 300 ቶን ያስፈልጋል። አንድ ዩንከርስ 52 የጭነት አውሮፕላን የሚጭነው 2 ቶን ግድም ስለሆነ በየቀኑ 150 በረራ በሰላም ማረፍ አለበት። ጉሙ አያሳይም፣ ሞተሩ በብርድ አይነሳም፣ መንገድ ላይ የሶቪየት ተዋጊ አውሮፕላን ይጠብቃል። በአማካይ የደረሰው 100 ቶን ገደማ ነው። ጃንዋሪ 16 ቀን የፒቶምኒክ አየር ማረፊያ ተያዘ፤ ሳምንት ሳይሞላ ጉምራክም ተከተለ። ከዚያ በኋላ ጭነቱ በጃንጥላ ይጣል ጀመር፤ በረዶ ላይ የወደቀውን ጎትቶ የሚያመጣ ነዳጅ የለም፣ ፈረሶቹም ተበልተዋል።

ይህ የስንቅ ጣጣ ግን የጀመረው ጀርመን ሶቪየትን በወረረችበት በ1941 ነው። የሶቪየት ሐዲድ ከጀርመኑ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ስለዚህ አንዱን ሐዲድ እየነቀሉ፣ አስጠግተው እንደገና መቸንከር ነበረባቸው። የጀርመን ባቡሮች የውኃ ቧንቧቸው ከውጭ የተዘረጋ ስለነበር በብርዱ ፈነዳ። ነዳጅና ጥይት ቅድሚያ ሲያገኙ የክረምት ልብሱ ከኋላ ቀረ። ለእኔ ቀኑ ሶቪየቶች ሞስኮ ላይ መልሰው ያጠቁበት ዲሴምበር 5 ቀን 1941 ነው።

ካርታ ገላጭ፦ ሞስኮ ላይ ተገፋች እንጂ አልተሰበረችም። በ1942 በጋ ካውካሰስ ተራሮች ድረስ ዘልቃለች እኮ!

ስንቅና ትጥቅ፦ ዘልቃለች፣ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ። በ1941 በሦስት ግንባር ያጠቃ ሠራዊት በ1942 የቻለው ደቡቡን ብቻ ነው፤ ለዚያውም ጎኑን ለሮማኒያ፣ ለጣሊያንና ለሃንጋሪ ጦር አስረክቦ። አንተ ስታሊንግራድ ላይ ያየኸው ክፍተት የመጣው ከሞስኮው ኪሳራ ነው።

ባሕረኛው፦ ወንድሞቼ፣ ባሕሩን ረሳችሁት። በሜይ 1943 ጀርመን 41 ሰርጓጅ መርከቦች አጣች፤ የባሕር ኃይሉ አዛዥ ዶኒትዝም በወሩ 24ኛ ቀን ከሰሜን አትላንቲክ እንዲወጡ አዘዘ። የተባባሪዎቹ አዲስ ራዳር በ10 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ይሠራል፤ የጀርመኖቹ ማስጠንቀቂያ መቀበያ ደግሞ ረዘም ያለውን ሞገድ ብቻ ነው የሚይዘው። አውሮፕላኑ ሳይሰማ ደርሶ ይመታቸው ነበር። መሀል ውቅያኖስ ላይ የአየር ሽፋን ያልነበረውን ክፍል ሊበሬተር የተባሉ ሩቅ በራሪ አውሮፕላኖች ዘጉት። ይህ ባይሆን በ1944 ፈረንሳይ ኖርማንዲ ላይ ለወረደው ወረራ የሚሆን ጦር እንግሊዝ ላይ አይከማችም። በእኛው አካባቢም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፦ ምጽዋ ኤፕሪል 8 ቀን 1941 ከጣሊያን እጅ ስትወጣ፣ ሩዝቬልት በሦስተኛው ቀን ቀይ ባሕርን ከጦርነት ቀጠናነት አወጣው፤ የአሜሪካ መርከቦችም እስከ ስዊዝ ጭነት ማድረስ ቻሉ።

ካርታ ገላጭ፦ ሜይ 1943 ዘግይቷል። የ6ኛው ጦር አዛዥ ፓውሉስ ጃንዋሪ 31 ተማረከ፤ 91,000 ያህል ሰውም እጁን ሰጠ። ለሶቪየት የተላከው የአሜሪካ እርዳታ አብዛኛው የደረሰው ከስታሊንግራድ በኋላ ነው።