ልጄ ቁልቁለት ፈራብኝ፤ ምን ላጫውተው?

ሰላም ወላጆች፣ እባካችሁ ሐሳብ አዋጡልኝ። የምንኖረው ደሴ ነው፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ። ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። በ14 ወሩ ስለሄደ ጎረቤቱ ሁሉ «ፈጣን ነው» ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ከበራችን ወደ አስፋልት የምትወርደው ኮረኮንች ላይ ሲደርስ ቀሚሴን ጨምድዶ ይቆማል። ባለፈው ሳምንት ተንከባሎ አገጩ ተላጠ። ከዚያ ወዲህ «እዘይኝ» ብቻ ሆኗል።

ኳስ ይመታል። ደረጃም እጄን ይዞ ይወጣል። መዝለል ላይ ግን ጉልበቱን አጥፎ «እንጣጥ!» ይላል እንጂ እግሩ ከመሬት አይነሳም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ብዙ ልጆች በሁለት እግር መዝለል የሚችሉት 2 ዓመት ተኩል አካባቢ ነው፣ አትጨነቂ አለችኝ። እሺ፣ እስከዚያ ግን እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?

ትራስ ደርድሬ በላዩ አስኬድኩት፤ ወደደው። ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩለት። አራት እርምጃ ሄዶ ቁጭ አለና ጠመኔውን መብላት ጀመረ። የሚገርመው፣ አያቱ እያጨበጨበች እስክስታ ስታስመታው አንዴም አይወድቅም!

ቤታችን አንድ ክፍል ናት። ወለሉ ፕላስቲክ ምንጣፍ ስለሆነ በካልሲ ያንሸራትተዋል፣ ባዶ እግሩን ነው የማጫውተው። ውጭው ደግሞ ክረምት ነው፣ ጭቃ።

በጠባብ ቤት ሚዛን የሚያስለምድ ምን ጨዋታ አላችሁ? ቁልቁለቱንስ ሳላስገድደው እንዴት ላለማምደው? ልጁ ወድቆ የፈራበት ካለ፣ እንዴት እንዳለፋችሁት ንገሩኝ።