70ን በስንት ባባዛው «እንግዳ» ባሕርዩ ይጠበቃል?

ጅማ ውስጥ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን የሒሳብ ክበብ አስተባብራለሁ፤ ሰሞኑን የያዝነው ቁጥር 70 ነው። ከራሱ ያነሱት አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 5፣ 7፣ 10፣ 14 እና 35 ሲሆኑ ድምራቸው 74 ነው። ትርፉ 4 ብቻ ነው፤ ሆኖም ከአካፋዮቹ የተወሰኑትን መርጦ በትክክል 70ን መሙላት አይቻልም፤ ምክንያቱም ድምራቸው 4 የሆኑ አካፋዮችን ማውጣት ያስፈልጋል፤ 1 እና 2 ግን ተደምረው 3 ናቸው፣ ቀጣዩ ደግሞ 5 ነው። እንዲህ ያሉት ቁጥሮች እንግዳ ቁጥሮች ይባላሉ፤ ትንሹም 70 ነው። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ዓይናቸው በራ።

አሁን 70ን በብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ በሌለው) እያባዛን ሌላ እንግዳ ቁጥር እንፈልጋለን። በ3 ሲባዛ 210 ይሆናል፤ 35፣ 70 እና 105 ይሞሉታል። በ11 ሲባዛ 770 ይሆናል፤ ትርፉ 188 ሲሆን ያንኑ 154፣ 22፣ 11 እና 1 ተደምረው ይሰጣሉ። ሁለቱም አልሆኑም። በ149 ሲባዛ የሚገኘው 10430 ግን እንግዳ ነው፤ 149 ከ70 አካፋዮች አጠቃላይ ድምር (70ን ራሱን ጨምሮ) ከ144 ስለሚበልጥ ማረጋገጫው ቀላል ነው። ያቃተኝ መካከሉ ነው። ኮምፒውተር የለንም፤ በእጅ መፈተሹም ጥቁር ሰሌዳውን ሞልቶ ያልቃል። ከ149 በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ልክ እንደ 3 እና እንደ 11 እንግዳ ቁጥር የማይሰጡ መሆናቸውን አንድ በአንድ ሳንፈትሽ የምናሳይበት፣ ለስምንተኛ ክፍል የሚገባ መንገድ አለ?