አንዷ ሴት ሸረሪት ወንዱን ስትበላው ሌላዋ ለምን ዝም ትለዋለች?

ሀይቅ_ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ ሚኒሶታ ነው ያለሁት። እዚህ ውሃ ላይ እየተራመደች የምታድን ዶሎሜዲስ ትሪቶን የምትባል ሸረሪት አለች፣ ሁለት ሴቶች ለየብቻ አስቀምጬ እኩል ፌንጣ እየሰጠሁ ነው ያሳደግኳቸው። አንዷ ፌንጣው ውሃውን ከመንካቱ ዘላ ትይዘዋለች፣ ሌላዋ ቅጠል ስር ቆይታ ቆይታ ነው የምትወጣው። ወንድ ሳስገባላቸው የመጀመሪያዋ ገና በእግሩ ውሃውን መታ መታ እያደረገ ሲለማመጣት ያዘችውና በላችው፣ ሁለተኛዋ ግን ሌላኛው ወንድ አጠገቧ እስኪደርስ ዝም አለችው፣ ተገናኙ። ሸረሪትም እንደ ሰው የየራሷ ጸባይ አላት እንዴ?

ባዮ_ልጅ፦
አላት እህቴ፣ በደንብ አላት! ደግሞ የያዝሻት ዝርያ ራሷ በዚህ ጉዳይ ተጠንታለች። በ1997 እ.ኤ.አ. አርንክቪስትና ሄንሪክሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ሀሳብ አለ፣ ሴቷ ልጅ እያለች ያገኘችውን ሁሉ የምትይዝ ከሆነች ቶሎ ትፋፋለች ብዙ እንቁላልም ትጥላለች፣ ግን ያው ስግብግብነት ካደገች በኋላም አይለቃትም፣ ሊገናኛት የመጣውንም ወንድ እንደ ምግብ ታየዋለች። በ2005 ጆንሰንና ሲህ ትሪቶን ላይ ሲያዩት በልጅነቷ ምግብ ላይ የምትፈጥነዋ ናት ስታድግ ወንድ የምታጠቃው። ለኔ የሚገርመኝ ይሄ ነው፣ ሁሉንም ወንድ ከገደለች እኮ ያ ሁሉ እንቁላል ሳይዳቀል ይቀራል።

ጥንቁቅ፦
ሀሳቡ ጥሩ ነው ግን ርሃብንና ከዚህ በፊት መገናኘቷን አትርሱ፣ አንዴ የተገናኘች ሴት ሌላ ወንድ ሲመጣባት ማጥቃት ይቀናታል። ሬድባክ ከምትባለው የአውስትራሊያዋ ሸረሪት ጋርም አታምታቱት፣ እዛ ወንዱ በግንኙነቱ መሀል ራሱ ተገልብጦ አፏ ላይ ይወድቃል፣ ተመራማሪዋ አንድራዴ በ1996 እንዳሳየችው የተበላው ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚገናኝ ብዙ እንቁላል ያዳቅላል፣ ያንቺው ግን ሳይገናኝ ነው የሞተው ምንም አላተረፈም። ስለ ሸረሪት ጸባይ ስታነቡ ደግሞ አኔሎሲመስ በሚባሉት ሸረሪቶች ላይ ከተጻፉት ጥናቶች ውስጥ ከ2020 ጀምሮ በዳታ ችግር የተሰረዙ አሉ፣ ከመጥቀሳችሁ በፊት አረጋግጡ።

ሀይቅ_ዳር፦
አመሰግናለሁ። ሁለቱንም ትንንሽ ሆነው ነው የያዝኳቸው፣ የመጨረሻ ቆዳቸውን ቀይረው ለመገናኘት የደረሱትም እኔ ጋ ነው፣ ስለዚህ ከዚያ በፊት አልተገናኙም።

ባዮ_ልጅ፦
እንግዲያው ድፍረታቸውንም እዪው። በእስክሪብቶ ጫፍ ቀስ አድርገሽ ስታስደነግጫቸው ውሃ ውስጥ ይጠልቃሉ፣ ተመልሰው እስኪወጡ በስልክሽ ሰዓት ያዢ፣ በተለያየ ቀን ደጋግሚው። ሁሌም ያቺው ቀድማ ከወጣች የአንድ ቀን ስሜት አይደለም ማለት ነው። ወንድ ከማስገባትሽ በፊት ግን በደንብ አብያት።