ለዓመታት የቆመች ዲኤክስ ልግዛ? ቦሎ የላትም፣ ሊብሬዋም በሟች ስም ነው

ጥያቄ (የጉለሌ ነዋሪ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በሰፈራችን አንድ ግቢ ውስጥ የቆመች ቶዮታ ዲኤክስ ለመግዛት እየተነጋገርኩ ነው። ባለቤቱ አርፈዋል፤ ከማረፋቸው በፊትም ለረጅም ጊዜ ታመው ስለነበር መኪናዋ ከተነዳች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ቦሎም ኢንሹራንስም የላትም። የሚሸጥልኝ ልጃቸው ሲሆን አባቱ በሕይወት ሳሉ የሰጡት የመሸጥ የመለወጥ ውክልና በእጁ ነው። እናትየው አሉ፤ አንዲት እህት ደግሞ አሜሪካ ነች። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በዚህ ዋጋ መኪና አላየሁም። ደላላው «ነገውኑ በውክልናው እንዋዋል፣ ቀብድ ክፈል» ይለኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ (የሕግ ባለሙያ)

ወንድሜ፣ ቀብድ እንዳትከፍል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2232 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። በእንዲህ ዓይነት ወረቀት ተፈራርመህ ብር ካስረከብክ በኋላ አንድ ወራሽ ክስ ቢመሠርት፣ መኪናዋም ገንዘቡም ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ያንከራትቱሃል። ልጁ ክፉ አስቦ ነው ማለቴ አይደለም፤ ውክልናን እንደ ስም ዝውውር የሚቆጥር ሰው ብዙ ነው።

ቤተሰቡ መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያውጣ። መኪናዋ የተገዛችው በትዳር ውስጥ ከሆነ ግማሿ የእናትየው የራሳቸው ድርሻ ነውና ያለ እሳቸው ፊርማ ምንም አይሆንም። እህትየዋ ከኤምባሲ ወይም ከቆንስላ አዲስ ውክልና ትላክ፤ እሱም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ ይቀርባል። ይህን ሩጫ ሻጮቹ ይሩጡት፤ አንተ የምትፈርመው ሁሉም ሲሟላ ነው። ክፍያውንም በባንክ አድርገው።

መልስ (የሳሪስ ነዋሪ)

የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው፣ ከልጁ ጋር አብራችሁ የመኪናዋ ፋይል ወዳለበት ቢሮ ሂዱና የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለባት፣ በቀረጥ ነፃ የገባች እንዳልሆነች አረጋግጡ። የተጠራቀመ ቅጣት ካለም ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነው፤ ቢሮው የራሱን የዋጋ ግምት ስለሚይዝ በውሉ ላይ የጻፋችሁትን ብቻ አስበህ በጀት አትያዝ።

ደግሞ ኮፈኑን አስከፍት። ከሞተሩ ጀርባ ባለው ብረት ላይ የተመታ የሻንሲ ቁጥር አለ። አቧራውን በጨርቅ ጥረግና ነጭ ጠመኔ ቀባበት፤ ቁጥሩ ፍንትው ብሎ ይወጣልሃል። ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያይ። የሞተሩ ቁጥር ካልገጠመ ሞተሩ የተቀየረበትን ሕጋዊ ሰነድ ጠይቅ፤ ሰነዱ ከሌለ እኔ ብሆን እተዋታለሁ።

መልስ (መካኒክ)

ልጄ፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ ማንም ባትሪ አምጥቶ እንዳያስነሳት ለቤተሰቡ ንገራቸው። በነዳጅ ታንከሯ ውስጥ ያለው ቤንዚን ተበላሽቷል፤ ዝቃጩ ከተሳበ ካርቡራተሩን ይደፍነዋል። አሮጌው ቤንዚን ይቀዳ፣ ካርቡራተሩ ወርዶ ይታጠብ። ካንዴላዎቹን ፈትታችሁ ወደ ሲሊንደሮቹ ትንሽ ዘይት ጣሉ፤ ከዚያ ሞተሩን በእጅ አዙሩት። ካልዞረ አታስገድዱት። የሞተር ዘይቱ ይለወጥ፤ ቺንጊያው በጣት ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ ይጣል።

ከሞተሩ ይልቅ የምፈራው ፍሬኑን ነው። ለዓመታት የቆመ የፍሬን ዘይት ውኃ ይስባል፣ በፍሬኑ ውስጥ ያሉት የጎማ ማሸጊያዎች ይደርቃሉ፣ ፔዳሉ ግቢ ውስጥ ደህና መስሎ ቁልቁለት ላይ ይከዳሃል። አራቱም እግር ይፈታ። የጎማውን ጎን ደግሞ እይ፤ አራት አኃዝ አለ። 2314 ቢል በፈረንጆቹ 2014፣ 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም እንዲህ ባለ ጎማ ቤተሰብ አትጭንም።

ጥያቄ (የጉለሌ ነዋሪ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጁ እናቱን ይዞ ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ተስማምቷል። አንድ ነገር ብቻ፦ ለቦሎ የሚያስፈልገው የቴክኒክ ምርመራ የሚደረግበት ጣቢያ ቅርብ ነው። ተጠግና ካለቀች በኋላ ቀስ ብዬ ነድቼ ብወስዳትስ?

መልስ (የሕግ ባለሙያ)

አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ መንዳት ክልክል ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ሰው ቢገጭ ካሳው ከኪስህ ይወጣል። ኢንሹራንሱን አስቀድመህ ግባ፤ ለቦሎውም ይጠየቃል። ወደ ምርመራው ግን በክሬን ጭነህ ውሰዳት።